ከዓይን የተደበቀው በግ

ስለ ዕድራችን ዳኛ ስጽፍ አንቱ አልለውም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ከተቀመጥኩበት እነሳለታለሁ፤ እጁንም በሁለት እጄ እጨብጣለሁ። እናቴ እንደዚያ አሳድጋኛለች፣ ያንን አላፈርስም። ወረቀቱ ግን የእኔ ነው።

የተጣላነው በአንድ በግ ነው። «ለበግ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አዎ፣ ለበግ ነው። ከበጉ ኋላ የደበቅኩት ሌላ ምክንያት የለኝም።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከሁለት ባለመስታወት ሕንፃዎች ጀርባ። ግቢያችን ውስጥ ያሉት የቀበሌ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ስለሆኑ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ «ይማርህ» ይለዋል። ቧንቧችን አንድ ነው፣ ሽንት ቤታችንም አንድ ነው። ከጥግ ያለችው የመጨረሻዋ ቤት የእትዬ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ክፍል የእኔ። እትዬ ዘመናቸውን በሙሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ከቤታቸው ጎን፣ ከእኔ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ፣ ድሮ ማገዶ ይቀመጥባት የነበረች መስኮት የሌላት የቆርቆሮ ክፍል አለች። በጉ የሚያድረው እዚያ ነበር።

ወደ ግቢያችን የገባው በአንድ የገና ዋዜማ ነው። ነጋዴ በጎቹን እየነዳ በበራችን ሲያልፍ ገና ጡት ያልጣለ ጠቦት መራመድ አቅቶት አስፋልቱ ላይ ተኛ። ነጋዴው በእግሩ ነካ ነካ አደረገውና ጥሎት ሄደ። እትዬ አነሱት፤ ከጎረቤት ጡጦ ተውሰው ወተት አጠቡት። ያኔ ለሁሉም ሰው «ለፋሲካ ይደርሳል» ብለው ነበር። ፋሲካ ሲደርስ «ገና አጥንት ነው» አሉ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ «ክረምቱ አክስቶታል» አሉ። ለሚቀጥለው ገና ጉንፋን ያዘው። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ቧንቧው ጋ ተሰብስቦ ምክንያታቸውን መጠበቅ ጀመረ።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ ምን አመመው?»

«አትሳቁ። እግሩን ያነክሳል።»

«ትናንት የእኔን ባልዲ በግንባሩ ሲያሽቀነጥረው በየትኛው እግሩ ነው ተንደርድሮ የመጣው?»

እሳቸውም ይስቃሉ። ማንም እንደማያርዱት ያውቃል፤ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይልም። አንዲት የከተማ ሴት በግን እንዲሁ ለወዳጅነት ማኖሯ በእኛ ሰፈር ስም የለውም፤ ስለዚህ «ለበዓል ነው» ይባላል።

ጠቦቱ አድጎ አውራ ሆነ። ቡናማ ነው፣ አንገቱ ወፍራም፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ። በር ይገጫል፣ ሴቶችን ያባርራል፣ ከመሸ በኋላ ይጮኻል፤ ሽታውም ልብስ ላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ ግቢው ለምዶት ነበር። ከዚያ ሰፈራችን ሊነሳ ነው ተባለና ሰው ሁሉ መሄጃውን መፈለግ ጀመረ። እትዬን የእህታቸው ልጅ ጎተራ ወደሚገኘው ኮንዶሚኒየሟ ልትወስዳቸው ሆነ። ቤቷ ምድር ቤት ነው፣ ከኋላው በሽቦ የታጠረች ቁራጭ መሬት አለችው። አንድ እሁድ መጥታ በጉን ከሩቅ ቆማ አየችው።

«አክስቴ፣ አንቺን ዛሬውኑ እንሂድ ብትይኝ እወስድሻለሁ። እሱ ግን እንዲህ ሆኖ አይገባም። የብሎኩ ኮሚቴ ያብዳል። ይቀጥቀጥ፣ ዝም ይበል፣ ሽታው ይጥፋ፤ በቃ፣ ከዚያ ይምጣ።»

እትዬ የዚያኑ ምሽት በሬን አንኳኩ። እኔ የምሠራው ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ነው፤ ሰፈሩ ከስሙ በቀር ሰንጋ የሚባል ነገር ካየ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ሙያ አይደለም። በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የሚገባውን ወረቀት በማንበብ ጀመርኩ። ከደንበኞቻችን አንዱ የሆነ የእንስሳት ሐኪም ጥያቄዬ ሲበዛበት «እሁድ እሁድ ና፣ እግር ያዝልኝ» አለኝ። ከከተማ ወጣ ብለው ያሉ የማድለቢያ በረቶች እየሄድን መጀመሪያ እግር ያዝኩ፣ ቀጥሎ ቀንድ ያዝኩ፣ ኋላ ላይ ጉጠቱን ራሱን አስያዘኝ። ቡርዲዞ ይባላል። ቆዳውን ሳይቆርጥ ውስጥ ያለውን ሥር ብቻ የሚቀጠቅጥ ረጅም እጀታ ያለው ብረት ነው።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ከቆለጡ በላይ በጣት ዳሰስ ሲያደርጉት እንደ ወፍራም ክር የሚንሸራተት ሥር አለ። እሱን ወደ ዳር ገፍቶ፣ ብረቱን አስጠግቶ፣ መዝጋት ነው። ዘግቶም ትንሽ መቆየት። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን መሄድ፤ ግን በመጀመሪያው መስመር ትይዩ ሳይሆን ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ። መሐል ላይ ያልተነካ ቆዳ መቅረት አለበት፤ ለታችኛው ክፍል ደም የሚያደርሰው እሱ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙ ቆዳው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ደረቅ መኝታ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ማንሸራሸር፣ ከሁሉም በላይ ማየት። ጠዋትም ማታም ጭራውን ገለጥ አድርጎ ማየት። እብጠት ይጠበቃል፤ እብጠቱ ከቀን ወደ ቀን መቀነሱን የሚነግርህ ግን ዓይንህ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ብረቱን ከሐኪሙ ተውሼ እንደምመጣ ተስማማን።

በማግስቱ ዳኛው ቧንቧው ጋ አገኘኝ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሠርግም ይሁን ልቅሶ እሱ ሳያዝ ድንኳን አይተከልም፤ ሲናገር ሰው ሁሉ ባልዲውን አስቀምጦ ያዳምጠዋል።

«ለአንድ በግ ብረት ልታመጣ ነው አሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ስንቱን በግ በጎማ አስሬ ሙክት አድርጌዋለሁ! ደም የለ፣ ጩኸት የለ። ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ራሱ ደርቆ ይወድቃል።»

«ጋሼ፣ እሱ ከተወለደ ሳምንት ለሆነው ጠቦት ነው። ይሄ ሙሉ አውራ ነው። ሥጋው ወፍራም ስለሆነ አይደርቅም፣ ይበሰብሳል።»

ዳኛው ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ይሄ ልጅ ድዳ አልነበረም እንዴ?»

ሳቁ። እኔም ውሃዬን ይዤ ገባሁ።

የጾሙ መግቢያ ሳምንት ነበር። በእኛ ሰፈር በግ የሚያደልብ ሰው በቅበላ አስቀጥቅጦ ጾሙን በሙሉ ይቀልበዋል፤ ለፋሲካ ይደርሳል። ዳኛው ይህችን ልማድ ይዞ ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ፣ መጣ። ማታ ስመለስ የማገዶ ክፍሏ በር ተዘግቷል። በሩ ላይ ጤና አዳም ተሰክቷል።

«አለቀ» አሉኝ እትዬ፤ ፊታቸው ፈካ ብሏል። «ዳኛችን ለቅዳሜ ምን ያስጠብቃችኋል ብለው ጨረሱት። ትንፍሽ አላለም።»

«በጎማ?»

«በጎማ።»

«እትዬ፣ አሁኑኑ ይፈታ። ዛሬ ከተፈታ ምንም አይሆንም። ቅዳሜ እኔ በደንብ እሠራዋለሁ።»

ሊከፍቱልኝ እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው ሰደው ነበር። በዚህ መሐል ዳኛው ከቤቱ ወጥቶ መጣ።

«እንዳይከፍቱ! ቁስል ላይ ያለ ከብት ዓይን አይችልም አላልኩም? እስኪወድቅለት ድረስ ማንም እንዳያየው። እርስዎም ሲቀልቡት ነጠላ ጣል ያድርጉበት።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ መድኃኒት ሻጭ ነህ። ሽጥ።»

«ጋሼ፣ ከዓይን በፊት ጎማው ይገድለዋል።»

«እትዬ፣ በጉ የማን ነው? የእርስዎ ነው? ይወስኑ።»

እትዬ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። እጃቸውን ከመቀርቀሪያው ላይ አነሱ። ዕድር ቀባሪያቸው ነው፤ እኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ።

ዓይን የሚለውን ነገር ለመናቅ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እናቴም ሕፃን ሆኜ ፊቴን ሸፍና ነው የምታሳልፈኝ የነበረው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የታሰረ፣ የቆሰለ፣ መናገር የማይችል ፍጥረት ጨለማ ውስጥ አስገብቶ፣ ጨርቅ ጣል አድርጎበት፣ «እንዳታዩት» ማለት ለማን ነው የሚጠቅመው? ለበጉ አይደለም። ላሰረው ሰው ነው የሚጠቅመው።

በየማታው እየሄድኩ ጠየቅሁ። በየማታው «ደህና ነው፣ ፉርሽካውን ነካ ነካ አድርጓል» ተባልኩ። የእኔ አልጋ ከማገዶ ክፍሏ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። በጉ መጮኹን አቁሟል። በምትኩ አንድ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ድንጋይ ድንጋይ ሲፍቅ የሚመስል። ጥርሱን እያፋጨ ነበር። በግ ጥርሱን የሚያፋጨው ሲያመው ነው። ጠዋት ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ያመሰኳል እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እኔም ሰምቼዋለሁ። ካመሰኳ ደህና ነው።»

«አይደለም እትዬ። ሲያመሰኳ ድምፁ ለስላሳ ነው። እባክዎ አንዴ ብቻ ልየው።»

«ዳኛችን ይቆጡኛል። ልሄድ ነው፣ በመጨረሻዬ ሰው አላስቀይምም።»

በሳምንቱ ሽታው ግድግዳውን አልፎ መጣ። የአውራ ሽታ አይደለም፤ አውራ ምን ምን እንደሚል አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ለሥራ ስወጣ፣ እትዬ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ና እየው። ውሃም እምቢ አለኝ።»

ገባሁ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ንጹሕ እንዲሆንለት ብለው በየቀኑ ያጥቡት ነበር፣ በጉም በእርጥቡ ላይ ይተኛል። በስልኬ መብራት ነጠላውን ገለጥኩት። ዝንቦቹ ተነሱ። ጎማው አይታይም፤ እብጠቱ ውጦታል። ከጎማው በላይ ያለው ቀልቶ ተወጥሯል፣ ከጎማው በታች ያለው ጠቁሯል። ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ዳኛው «ጎማው ላይ ቅቤ ይቀቡት» ብሏቸው ኖሮ፣ ጾም ነው ቅቤ ቤቴ አይገባም ብለው ነጠላውን ሳይገልጡ በዳበሳ የኑግ ዘይት አፍስሰውበታል፤ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። በጉ አንገቱን አዙሮ አየኝ፤ መልሶ ዞረ። በዚያች ሰዓት ዳኛው ፊቴ ቢቆም ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ሥራውን ጥሎ መጣ። ተንበርክኮ አየው።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«ዳኛው» አሉ እትዬ።

«የምን ዳኛ? ፍርድ ቤት ነው እንዴ ያኮላሸው?»

«የዕድራችን።»

«እሺ። ውሃ አፍሉልኝ።»

በጉን ወደ ብርሃን አወጣነው። ሐኪሙ አደንዝዞ ጎማውን ቆረጠ፣ የሞተውን ሁሉ አነሳ፣ አጠበ፣ መርፌ ወጋው። ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለቴታነስ፣ የሚሰጠውንም ወጋው፤ ያንን ሲወጋ ግን ወደ እኔ ዞሮ በለሆሳስ «ይሄ መሰጠት የነበረበት ጎማው ሲታሰር ነው፤ ዘግይተናል» አለኝ። የተዘጋ፣ አየር የማያገኝ፣ የበሰበሰ ሥጋ በሽታው የሚወደው ቤት ነው። ለእትዬ ይህን አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲያ ማስታመሙ የእኔ ሆነ። ጠዋት ተነስቼ ጨው የገባበት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አዘጋጃለሁ፤ ከላይ ወደ ታች አጥባለሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጌ አደርቃለሁ፤ ዙሪያውን ዝንብ የሚከለክለውን መድኃኒት እረጫለሁ፤ ቁስሉን ራሱን ግን አልነካበትም። ማታም እንዲሁ። ወለሉን ማጠብ ከለከልኩ። ደረቅ ጭድ ያስፈልግ ስለነበር ከማድለቢያ በረት አንድ ጆንያ ጭኜ በታክሲ መጣሁ።

«ብራዘር፣ ጭዱን ለምሳ ነው ለራት?» አለኝ ወያላው።

«ለበግ ነው።»

«ካዛንቺስ? ፎቅ ላይ ነው የሚበላው?»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ሰሞን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

በጉ ፉርሽካ በላ። ጠዋት ጠዋት በግቢው ውስጥ ቀስ እያልኩ አንሸራሽረው ጀመር፤ ደሙ እንዲዘዋወር፣ እብጠቱ እንዲወርድ። ዳኛው ከደጃፉ ቆሞ ያየናል። «በአደባባይ ያዞረዋል» ይላል ለሚያልፈው ሁሉ። «እያየነው ነው። ኋላ እንዳትሉኝ።» አንድ ማታ በጉ በድሮ ድምፁ አንዴ ጮኸ። እትዬ ከቤታቸው ሆነው እልል አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ጾም ስለሆነ። ቁስሉ ዳርዳሩ ሮዝ መሆን ጀምሮ ነበር። ለእህታቸው ልጅ ደውለው «ሽቦውን አስጠግኚ፣ እንመጣለን» ሲሏት በግድግዳው ሰማሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ቆሞ አገኘሁት። እግሮቹ ተገትረዋል፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለዋል፣ ጭራው ከገላው ተነጥሎ ቆሟል። አንዷ ጎረቤት ባልዲ ጣለች፤ ድምፁን ሲሰማ መላ አካሉ ዘለለና እንደ ጣውላ በጎኑ ወደቀ። በአፉ ዳር ጣቴን አስገብቼ መንጋጋውን ለመክፈት ሞከርኩ። አልከፈት አለኝ። ምን እንደሆነ አወቅሁ።

እትዬ ዳቦ በእጃቸው ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። «አፉን ክፈትለትና ልስጠው።»

«አይከፈትም እትዬ።»

«ለምን?»

መንጋጋ ቆልፍ መሆኑን ነገርኳቸው። ዳቦውን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ነገር በትክክል ልጻፍ። ለዚህ በሽታ ሐኪሙ ካዘዘው አንዱ ጨለማና ጸጥታ ነው፤ ብርሃንና ድምፅ ያንዘፈዝፈዋል። ስለዚህ የማገዶ ክፍሏን በር እኔው በእጄ መልሼ ዘጋሁት። በቀዳዳዎቹ ላይ እኔው ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ብርሃን ሲያስፈልገው ጨለማ ሰጡት፤ ብርሃን ሲለምድ ጨለማ አስፈለገው። ዳኛውም ብርድ ልብሱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «አሁን ገባህ?» ብሎኝ አለፈ።

በማግስቱ ደግሞ ቢላ ይዞ መጣ።

«ሳይሞት ይታረድ። ጾም ቢሆንም የሚበላ አይጠፋም፤ ከሚባክን ለድሀ ይሰጥ።»

«ጋሼ፣ መድኃኒት የጠገበ ነው። ታሟል። ለማንም አይሰጥም።»

«ዞር በል።»

«ከዚህ በር ይራቁ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጮክ ብዬ አልነበረም፤ ውስጥ ያለው እንዳይሰማ ነው የፈራሁት። ዳኛው ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ተመለሰ። በጉ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሞተ። ሐኪሙ እንዲቀል የሚችለውን አደረገ፤ ቀላል ግን አልነበረም፤ ቀላል ነበር ብዬ አልጽፍም። ከመሞቱ በፊት እትዬ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገውት ነበር። አላለቀሱም። ትንፋሹ ሲያበቃ ቀጥ ብሎ የቀረ ጆሮውን በሁለት ጣታቸው አስተኙት።

ሬሳው በጋሪ ሲወጣ ዳኛው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ዓይን ነው» አለ። «አልኳችሁ። ተሸፍኖ እያለ ደህና አልነበረም? ወጣ፣ ታየ፣ ሞተ።» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በክፋት አይደለም፤ በቃ ዞሩ። በማግስቱ ጠዋት ከቧንቧው ስመለስ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ የታቀፈቻትን የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ያቺ ልጅ ስትወለድ ታክሲ የጠራሁት እኔ ነኝ። ባልዲዬን ይዤ ገባሁና በሬን ዘጋሁ። ከግቢው ሰው ነጠላውን ገልጦ ያየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስላየሁት ዓይኑ እኔ ሆንኩ።

እትዬ ዕቃቸውን ሲያስሩ ልረዳቸው ሄድኩ። ብርጭቆ በጨርቅ እየጠቀለልን ነበር። ቀና ሳይሉ ጀመሩ።

«ዓይን ነው በለኝ።»

«እትዬ...»

«ያንተ አልልም። የማንም ይሁን። የመንገደኛ ይሁን። ዓይን ነው በለኝና ልሂድ።»

«ጎማው ነው እትዬ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡት። «አንተ ምን አለብህ። ሲታሰር ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እያባበልኩ። ጎማ ከሆነ እኔ ነኝ፤ ዓይን ከሆነ ማንም አይደለም።»

እሳቸው ላይ አልተናደድኩም ማለት አልችልም። ተናድጃለሁ። ያንን በር በየማታው ዘግተውብኛል። ግን የሚለምኑኝ ነገር ውሸት ነበር፤ እሱን ብሰጣቸው ሌላ ሰው ነገ በሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ በግ ላይ ነጠላ ይጥላል።

«ያመው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ያ ጥርሱን የሚያፋጨው?»

«አዎ እትዬ። እሱ ነው።»

ብርጭቆውን መልሰው አነሱና ጠቀለሉት። ማታ ሰላም ሳይሉኝ ገቡ።

እሁድ የዕድር ስብሰባ ነበር። ሰፈሩ ቢበተንም ዕድሩ እንዳይበተን እየተመከረ ነው። የሚለቅ ሰው ተነስቶ ይሰናበታል፤ ልማዱ «አክብራችሁኛል፣ ተስማምተን ኖረናል» ብሎ መቀመጥ ነው። ተራው የእትዬ ሆነ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«አክብራችሁኛል» አሉ። «ተስማምተን ኖረናል። በጌን ዓይን አልበላውም። ዳኛችን በጎማ አሰሩት፣ እኔ ጭንቅላቱን ያዝኩ። ሁለታችን ነን የገደልነው። ይሄ ልጅ እንዳናስር ነግሮን ነበር። ገልጦ ያየውም እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ቀን በቀን እየቀለብኩት አላየሁትም።»

አንዱ ሳለ። ሌላው ወንበሩን አንቀሳቀሰ። ዳኛው ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ልቅሶ ቤት እንደሚያደርገው ራሱን ዘንበል አደረገ።

«እትዬን አምላክ ያጽናቸው» አለ። «ቤት መልቀቅ፣ በዚያ ላይ ይሄ ተጨምሮ፣ ከባድ ነው። ሁላችንም እንረዳለን። የሚቀጥለው አጀንዳ የድንኳኑ ገመድ ነው።»

«ገመዱ ይቆይ» አልኩ። ቆሜያለሁ። «እሳቸው አልጨረሱም።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ወደ እኔ አዩ።

«ጨርሻለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉና ተቀመጡ።

እኔም ተቀመጥኩ። ስለ ገመዱ ብዙ ተወራ፤ ናይለን ይሻላል፣ የለም ናይለን ፀሐይ አይችልም ተባለ። በመጨረሻ አዲስ ይገዛ የሚል እጁን ያውጣ አለ ዳኛው። ሰው ሁሉ አወጣ። እትዬም አወጡ። እኔም አወጣሁ፤ ገመዱ በእውነት ተበጣጥሶ ነበር።